አባዬን እሺ እንዳይል ያሰለጠንንበት ሰሞን

እናንተዬ፣ “እሺ” ማለት የሚያበዛ አባት ያላችሁ ካላችሁ ይህን ወግ ተቀምጣችሁ አንብቡት። የሌላችሁም ብትሆኑ ተቀመጡ። መቀመጥ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

የእኔ አባት እሺ ይላል። አስቦበት አይደለም፤ ሌላውን ሰው እንጥሻ እንደሚያመልጠው እሱን እሺ ያመልጠዋል። ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የሚሠራባት አንድ ጠባብ ሱቅ አለችው። ጠዋት ጠዋት ቀጠሮ የደረሰበት ባለጉዳይ ሁሉ “የእኔን አስቀድምልኝ፣ ዳኛው ሊገቡ ነው” እያለ ይመጣል፤ አባዬ ለሁሉም እሺ ይላል። ስለዚህ እሱ ሱቅ ውስጥ ወረፋ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ብዙ አንደኛ ነው። ታክሲ ላይ ረዳቱ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ሲል ሌላው ተሳፋሪ ያጉረመርማል፤ አባዬ ግን ሲጠጋ ሲጠጋ በመስኮት ሊወጣ ምንም አይቀረው። ባለፈው ፋሲካ ደግሞ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን “በጌን ለአንድ ሌሊት በረንዳህ ላይ ባሳድረውስ?” ቢሉት፣ እሺ ብሎ አራተኛ ፎቅ ድረስ ራሱ ተሸክሞ አወጣው። ሊፍት የለንም። በጉም ለውለታው ምላሽ የበረኛ ጓንቴን አውራ ጣት በልቶ አደረ።

በረኛ ነኝ፤ አልነገርኳችሁም ለካ። የትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን በረኛ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እኔ ኳስ ከምይዘው በተሻለ ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ታዲያ አንድ ቀን እራት ላይ ታላቅ እህቴ ሜሮን ማንኪያዋን አስቀመጠችና “ሳሚ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የሚመጣው እሑድ ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ያለው” አለች። እማዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባዬ ቀደማት።

“እሺ” አለ።

የሜሮን ፊት ልውጥውጥ አለ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሽማግሌ ሲመጣ እሺ አይባልም። ይባላል፣ ግን በመጀመሪያው ቀን አይባልም። ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ብለው ይቆማሉ፤ ባለቤቱ “ግድ የላችሁም፣ ተቀምጣችሁ ንገሩን” ብሎ ይለምናቸዋል፤ ተለምነው ይቀመጣሉ፤ ጉዳያቸውን ይናገራሉ። ከዚያ የልጅቷ አባት ግንባሩን ቋጠር አድርጎ “እስቲ ከዘመድ ጋር እንመካከርበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ” ይላል። መልሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሙሽሮቹ እንዲያውም የሚከራዩትን ቤት አይተው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሥርዓቱ ካልተጠበቀ ልጅቷ ሳይመሽ ትሂድ ተብላ የተሰጠች የጉልት ቲማቲም ትመስላለች።

አባዬ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ስሙ ጠፍቷል። አባቷ የሞተባትን የአክስቴን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ጊዜ፣ በአባት ቦታ ሆኖ የተቀበላቸው እሱ ነበር። ዋናው ሽማግሌ “እኛ የመጣነው…” ብለው ትንፋሽ ከመሰብሰባቸው አባዬ “እሺ” አለ። የልጁ ስም እንኳን ገና አልተነሳም። አክስቴ እስከ መልሱ ድግስ ድረስ ኩርፊያዋን አልፈታችም፤ እስከ ዛሬም ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አባዬ “ሳይጠይቁት የሚሰጥ” እየተባለ ይጠራል።

ሜሮን ሳህኗን ገፋ አደረገች። “አባዬ፣ እኔን እንደሷ እንዳታደርገኝ። የሳሚን እናት አታውቃትም። ዕድሜ ልኬን ‘ለምነን ሳይሆን ተለምነን ነው ያመጣናት’ ስትለኝ ትኖራለች። አንድ ቀን ብቻ፣ እነሱ ቤት ውስጥ እስካሉ ድረስ ብቻ፣ እሺ አትበል።”

አባዬ እጇን ያዘና፣ ምን እንዳላት እናንተም ገምታችኋል፣ “እሺ” አላት።

በዚያች ቅጽበት ነበር እኔ የተነሳሁት። “እኔ አሰለጥነዋለሁ” አልኩ። ምነው ምላሴን በጉ በበላው።

እኔ የማውቀው አሰልጣኝ አንድ ነው፤ የቡድናችን ኮች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ በወጣትነቱ ተከላካይ የነበረ፣ ድምፁ ያለ ማይክ ሰፈር የሚያዳርስ ሰው ነው። የሱ ማሰልጠን መጮህ ነው። “ቦታሽ! ቦታሽ ነው የምልሽ!” ሲል ሜዳው አጠገብ የሚያልፈው መንገደኛ ሳይቀር ቦታውን ያስተካክላል። ስንሳሳት ያስሮጠናል። አንድ ነገር ብቻ ነው የማይገባኝ የነበረው። ፔናሊቲ የተሰጠብን ጊዜ፣ ማለትም እኔ ከምንም በላይ ጩኸቱ የሚያስፈልገኝ ጊዜ፣ ኮች ጀርባውን ሰጥቶ ዝም ይላል። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኩት። “እዚያ ጋ ስትደርሺ የእኔ ድምፅ ኳስ አይይዝልሽም” ብሎኝ አለፈ። ፍርሃቱን የሚደብቅበት ዘዴ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ማታ ሳሎናችንን የልምምድ ሜዳ አደረግኩት። የእማዬን ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ዣንጥላ እንደ ከዘራ ይዤ፣ ጎብጬ ገባሁና “ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው” አልኩ።

“እሺ” አለ አባዬ።

ፊሽካ ነፋሁ። ሕጉን ነገርኩት፤ አንድ እሺ ካለ ሶፋውን አንድ ጊዜ ይዞራል። “በል ዙር” አልኩት። “እሺ” አለ። ይህቺም እሺ ናት፤ ስለዚህ ሌላ ዙር ጨመርኩበት። “እሺ” አለ። አባዬ በዚያ ምሽት ሶፋችንን ሲዞር አመሸ። በመጨረሻ ያስቆሙን የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። ባለ በጉ ሰውዬ ናቸው እንግዲህ። ውለታ እንዲህ ነው የሚመለሰው።

ከዚያ አፉን ውሃ አስሞልቼ ጠየቅኩት፤ ውሃ የያዘ አፍ እሺ ሊል አይችልም ብዬ። ዋጠና እሺ አለ።

እማዬ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ስታየን ቆየች። እማዬ አንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ናት፤ በቅርቡ ደግሞ ለኃላፊዎች የተዘጋጀ የኮቺንግ ሥልጠና ወስዳለች። እዚያ የተማረችው ከኮች ፍልስፍና ጋር ተራራና ሸለቆ ነው። በእማዬ ሥልጠና መሠረት አሰልጣኝ አይናገርም፣ አይጮህም፣ አያዝም፤ ይጠይቃል ብቻ። ሰውዬው መልሱን ከራሱ ውስጥ ያወጣዋል። ከሥልጠናው ወዲህ እኛ ቤት “ዕቃ እጠቢ” የሚባል ነገር ቀርቷል። “ዕቃው እስካሁን ያልታጠበው ለምን ይመስልሻል?” ነው የምባለው። “ስላላጠብኩት” ስላት ደግሞ “ይሄ ምን ስሜት ፈጠረብሽ?” ትለኛለች። በእውነቱ ድሮ በጥፊ ስትለኝ ይሻለኝ ነበር። ዕቃው ቶሎ ይታጠብ ነበር።

እና እማዬ አባዬን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ጥያቄ ሲመጣበት በጥያቄ እንዲመልስ አስጠናችው። ጥያቄ የሚጠይቅ አፍ እሺ ለማለት ጊዜ የለውም፤ አሳቧ ይሄ ነበር። አልዋሽም፣ ሠራ። አባዬ እስኪተኛ ድረስ “እንዴት ታዪዋለሽ?” “ምን ይሰማሻል?” እያለ እኔን ሲጠይቀኝ አመሸ።

ነገር በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የእማዬ ታናሽ ወንድም ቢኒ ሰማ። ቢኒ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የስልክ ከቨር ይሸጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ላይፍ ኮች፣ ማለትም የሕይወት አሰልጣኝ ነው። እንዴት ላይፍ ኮች እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ጃኬት ለብሶ መኪና ውስጥ ቪዲዮ ተቀረጸ፤ መኪናው የጓደኛው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ላይፍ ኮች ነው። የሱ ማሰልጠን መስታወት ይፈልጋል። አባዬን የመታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት አቁሞ “እኔ ተራራ ነኝ። ተራራ ለማንም አይንቀሳቀስም” አስባለው። ሰው ሲያናግርህ መጀመሪያ ዝም በል፣ ዓይኑን እየው፣ በረጅሙ ተንፍስ፤ ዝምታ ኃይል ነው አለው። አባዬ መስታወቱን እያየ ተነፈሰ፤ መስታወቱ ጉም ለበሰ። “አሁን ተራራ መሆንህን አምነሃል?” ሲል ቢኒ ጠየቀው።

አባዬ “እሺ” አለ።

አራተኛው ጋሽ ግርማ ናቸው። ጋሽ ግርማ ጠበቃ ሲሆኑ፣ ማመልከቻቸውን ሁሉ የሚያስጽፉት አባዬ ሱቅ ነው፤ በዕለቱ ደግሞ በእኛ በኩል ሆነው ሽማግሌዎቹን ሊቀበሉ ተጠርተዋል። እሳቸው ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ አንገታቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ዓለም ሰውን ምን እንደሚል ማስጠናት ሥልጠና አይባልም፤ ምስክር ማስጠናት ይባላል፣ ያስጠይቃል። “እኔ አላስጠናም፤ አዘጋጃለሁ” አሉና ወንበራቸውን ወደ አባዬ ሳብ አደረጉ። ሳትጠየቅ አትናገር። ከተጠየቅከው በላይ አትመልስ። እርግጠኛ ያልሆንክበት ነገር ከመጣ “እስከማስታውሰው ድረስ” በል። በማስጠናትና በማዘጋጀት መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን ጠበቃ አይደለሁም።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው፣ አራት አሰልጣኝ። አንዷ ትጮህበታለች፣ አንዷ ትጠይቀዋለች፣ አንዱ ተራራ ያደርገዋል፣ አንዱ ምስክር ያደርጉታል። አገሬው ምጥ ለእናቷ አስተማረች ይላል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ላይ የእጅ ምልክት ጨመርኩ። በዕለቱ አባዬ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ትይዩ ይቀመጣል፤ እኔ መጋረጃው ጋ እቆማለሁ። መዳፌን ካሳየሁት ዝም ይላል። ጆሮዬን ከነካሁ “እንመካከርበታለን” ይላል። ሁለት ጣት ካነሳሁ “በሁለት ሳምንት ተመለሱ” ይላል። ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ደገምነው፤ አንድም እሺ አላለም። ሜሮን አቅፋኝ ሳመችኝ። እኔም የዓለም ዋንጫ የወሰድኩ ያህል ተኛሁ።

እሑድ ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ናቸው። ከፊት ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፤ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ስለወጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቀጥሎ ሐጂ ኑሩ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ፈገግታቸው ከፊታቸው የማይጠፋ። ከኋላ ደግሞ ሹራብ የለበሰ፣ ምንም የማይናገር ጎልማሳ ሰው። በእኛ በኩል አባዬ፣ ጋሽ ግርማና ቢኒ ቆመው ተቀበሏቸው። ሜሮን መኝታ ቤት ስልኳን ይዛ፣ እማዬ ከእኔ ጋር ወጥ ቤት።

ሽማግሌዎቹ በመስመር ቆሙ። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ።

እዚህ ጋ አባዬ “ተቀመጡ፣ ግድ የላችሁም” ማለት ነበረበት። እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ አውቃለሁ፣ ልደታ ውስጥ የሚያልፍ የታክሲ ረዳት ሁሉ ያውቃል። ካስጠናነው ሁሉ አንዱን ረስተናል። ምን እንዳይል እንጂ ምን እንዲል አላስጠናነውም።

አባዬ ተራራ ሆነ። የጋሽ ወልዴን ዓይን እያየ በረጅሙ ተነፈሰ። ዝምታው ሲረዝም ሐጂ ኑሩ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ቢኒ አውራ ጣቱን ከጎኑ ቀስ አድርጎ አነሳለት። ይሄኔ አባዬ የእማዬ ትምህርት መጣለት።

“የማትቀመጡት ለምን ይመስላችኋል?” ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ወልዴ ግራ ተጋብተው ሐጂን አዩ። “ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ነዋ” አሉ።

“እና አሁን ምን ይሰማዎታል?”

ጋሽ ወልዴ ትንሽ አሰቡና እውነቱን ተናገሩ። “ጉልበቴ” አሉ።

ከጎኔ እማዬ መጋረጃውን ነክሳ ትስቃለች። እኔ ግን መሳቁ ቀርቶብኝ ነበር። ጋሽ ወልዴ ወገባቸውን ጎበጥ አድርገው ወንበሩን ዓይን ዓይኑን ሲያዩት፣ ሊቀመጡ ነው ስል፣ ድንገት ፊታቸው ጭምድድ ይልና መልሰው ቀጥ ይላሉ። ጉልበታቸው ነው ብዬ አሰብኩ። እነሱ ስላልተቀመጡ የእኛዎቹም አልተቀመጡም። ሳሎናችን ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ ከባዶ ወንበሮች ፊት ተገትረው፣ ብሔራዊ መዝሙር የሚጠባበቁ ተጫዋቾች መስለዋል።

ሐጂ ኑሩ ነገሩን ሊያቀሉት ፈለጉ። ድምፃቸውን ማር አስመስለው “ሜሮን የምትባል ጨዋ ልጅ አለችዎት አይደል?” አሉ።

አባዬ ወደ ጋሽ ግርማ አየ። ጋሽ ግርማ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ።

“እስከማስታውሰው ድረስ፣ አዎ” አለ አባዬ።

ከመኝታ ቤት አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ሜሮን ናት። “አባዬ ምን ሆኗል?” ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? አራት ሰው ሆኗል ልበላት?

እና ከሁሉ የባሰው መጣ። እማዬ በዚህ መሀል የእንግዳ ነገር አስጨንቋት፣ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ለስላሳ ስንት እንደቀረ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። እኔም ዓይኔን ከሳሎኑ ሳልነቅል ሁለት ጣቴን አነሳሁላት።

አባዬ አየው። ፊቱ እንደ መብራት በራ፤ ከስንት መከራ በኋላ የሚያውቀው ነገር አገኘ። ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት አጠገብ የኖረ ሰው ነውና፣ ድምፁን ጎላ አድርጎ “ለሁለት ሳምንት ተቀጥሯል” አለ።

ሽማግሌዎቹ ደርቀው ቀሩ። ጉዳያቸውን ገና አልተናገሩም። አልተቀመጡም። ማን ማንን እንደጠየቀ አልተነሳም። ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን አነሱና “እንግዲህ ሊሰሙን ካልፈለጉ መሄድ ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ የባሰ ነገር ነበር ያለው፣ ማፈር። ወደ በሩ ዞሩ።

ይሄ እንግዲህ ከእሺ የከፋ ነው። እሺ ያለ አባት ቢበዛ ይሳቅበታል። ሽማግሌ ሳይሰማ፣ ቆሞ እንደመጣ ቆሞ ከተመለሰ ግን ሳሚም ሁለተኛ ሰው አይልክም፤ የሚሄድለትም ሰው አያገኝም። ሜሮን ይህን ታውቃለች፤ ስልኬ መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር።

አባዬ ወደ እኔ አየ። እንዲያ ዓይነት ዓይን ረስቼው አላውቅም፤ የጎሉ ቋሚ የጠፋበት በረኛ ዓይን ነው። ምልክት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እጆቼ ሁለት፣ የማውቃቸው ምልክቶች ሦስት፣ ያጠፋሁት ጥፋት ስፍር ቁጥር የለውም። “ቦታህ!” ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። የትኛው ነው ቦታው? ተራራው? ምስክሩ? ጠያቂው? እኛ ነን እኮ ከቦታው ያነሳነው።

ድንገት የኮች ጀርባ ታየኝ። ያ ሰፊ፣ ላብ የጠጣ ቱታው።

መጋረጃውን ለቀቅኩትና ጀርባዬን ሰጠሁት።

እማዬ ከሥልጠናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ትእዛዝ ሰጠችኝ፤ “ዙሪና አንድ ነገር አድርጊ” አለች። አልዞርኩም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለውን የምነግራችሁ የሰማሁትን ነው፤ ዓይኔ የነበረው ፍሪጁ ላይ ነው።

መጀመሪያ የአባዬ ጫማ ሲሮጥ ተሰማ። በሶፋው ልምምድ ፈጥኗል። ከዚያ ድምፁ፣ የራሱ ድምፅ፣ ሱቅ ውስጥ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ ያለው።

“ጋሽ ወልዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄን ይያዙና ይቀመጡ። ጉልበትዎ ሲያምዎት እያየሁ ዝም ማለቴ አሳፈረኝ። እኔ እሺ የማለት አመል አለብኝ። ሰው እሺ ሲባል ፊቱ ሲፈታ ማየት ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዛሬ እሺ እንዳልል ቤተሰቡ አፌን ሲለጉሙት ሰነበቱ፤ ልጓሙ በዛና ተቀመጡ ማለትም አብሮ ጠፋኝ።”

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀጥሎ ረጅም፣ ጥልቅ፣ ከአራት ፎቅ ደረጃ በታች ጀምሮ የመጣ ትንፋሽ። “እሰይ” አሉ ጋሽ ወልዴ።

ከዚያ ሐጂ ኑሩ መሳቅ ጀመሩ፤ ያዝ አድርገው፣ ከዚያ መያዝ አቅቷቸው። የልጁ እናት እነሱንም ሳምንቱን ሙሉ ስታስጠናቸው መሰንበቷን ተናገሩ። ሳትለመኑ እንዳትቀመጡ፣ ታዋርዱኛላችሁ ብላ አስምላቸዋለች። ሹራብ የለበሰው ሰውዬ የሳሚ አጎት ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ ሳይሆን ተቆጣጣሪ ሆኖ ነው የመጣው። ጋሽ ወልዴ ልቀመጥ ባሉ ቁጥር በክርኑ ጎናቸውን ይጎሽማቸው ነበር። “ጉልበቴስ አሞኝ ነው፤ ጎኔ ግን የሱ ሥራ ነው” አሉ ጋሽ ወልዴ። ለካ ፊታቸው የሚጨማደደው ለዚህ ነው። ኮች በየሜዳው ዳር አለ ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም ተቀምጠው ጉዳዩ በወጉ ተነገረ። ልጃችን ሳሙኤል፣ ልጃችሁን ሜሮንን፣ ዝምድናችሁን ፈልገን፣ ሁሉም በቦታው። ተራው የአባዬ ሆነ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እማዬ እጄን ያዘች።

“አንድ ነገር ልጠይቅ” አለ አባዬ። ይህንን ማንም አላስጠናውም። “ልጁ ሲናደድ ምን ያደርጋል?”

ይህንን ደግሞ እነሱንም ማንም አላስጠናቸውም። የጋሽ ወልዴ ከዘራ ወለሉን ነካ ነካ አደረገ። በመጨረሻ አንድ አዲስ፣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ባለ ሹራቡ።

“ዕቃ ያጥባል” አለ። “ሲናደድ አይናገርም፤ ሄዶ ዕቃ ያጥባል። የቆሸሸው ካለቀ ንጹሁን አውርዶ ያጥባል። ባለፈው ከእኔ ጋር ተጋጭተን የጀበናውን ጥቁረት ሁሉ አስለቀቀው።”

እማዬ ገንዳው ውስጥ የተቆለለውን ዕቃ አየች። “ጥሩ ልጅ ነው” አለች በሹክሹክታ። ጥያቄ አልነበረም።

ሳሎን ውስጥ አባዬ ዝም ብሎ ቆየ። የቢኒ ዝምታ አይደለም፤ ይሄኛው ውስጡ ሰው አለበት። ልጁን ሊሰጥ ያለ ሰው። ሜሮንን ትከሻው ላይ አስቀምጦ በልደታ ንግሥ ቀን ታቦት ያሳያት የነበረ ሰው። አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። ከዚያ አመለጠው።

“እሺ” አለ።

የመኝታ ቤቱ በር ሲጥጥ አለ። ቢኒ ወይኔ አለ። ጋሽ ግርማ ሳሉ። እኔ ግንባሬን ከፍሪጁ ጋር አጋጨሁ።

“እሺ ለማለት” አለ አባዬ ቀስ ብሎ፣ “በሁለት ሳምንት ኑ። ዘመድ አማክሬ፣ ያኔ ጠግቤ እላታለሁ።”

ያን ጊዜ ነው የዞርኩት። ጋሽ ወልዴ ከነጉልበታቸው ተነስተው ከአባዬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ደረስኩ። ባለ ሹራቡ ክርኑን ሰብስቦ ፈገግ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ሜሮን ወጥታ፣ ግማሽ እያለቀሰች ግማሽ እየሳቀች፣ “ቆይ፣ አሁን አለ ነው ወይስ አላለም?” ብላ ጠየቀች። ጋሽ ግርማ ኮታቸውን እየለበሱ፣ ውሳኔ አልተሰጠም፣ የተሰጠው የውሳኔ ቀን ነው ሲሉ አስረዷት፤ የሳሚ እናት ይግባኝ የምትልበት ቀዳዳ እንደሌለም አረጋገጡላት።

እና በዚያው ምሽት ሁሉም አሸናፊ ሆነ። እማዬ ያዳነን የመጨረሻው ጥያቄ ነው አለች። ቢኒ ዝምታው ነው ብሎ ስለ ተራራ ቪዲዮ ሊቀረጽ ሄደ። ጋሽ ግርማ ቀጠሮው የእሳቸው እንደሆነ በስልክ ደውለው አስታወሱን። እኔ ግን ዕቃ አጠብኩ። ተናድጄ አይደለም።

በሁለት ሳምንቱ ጋሽ ወልዴ ከበሩ ጀምሮ ወንበር እየፈለጉ ገቡ፤ አባዬም እሺዋን አላት። ተጠራቅማበት ነበር መሰለኝ ደጋግሞ አላት። ሐጂ ኑሩ በቃ፣ አንድ ልጅ ነው የጠየቅነው አሉት።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጨዋታ ነበረን፤ አባዬን ናና እየኝ ብዬው፣ ያው እንደምታውቁት ብሎ፣ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከኮች አጠገብ ቆመ። ኮች ሲጮህ አባዬ ይደነግጣል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፔናሊቲ ተሰጠብን። ኮች እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጠ። አባዬ ኮችን አየው፣ እኔን አየኝ፣ የሆነ ነገር የገባው መሰለና እሱም ቀስ ብሎ ዞረ። ሁለት ጀርባ ጎን ለጎን፤ አንዱ ቱታ፣ አንዱ የሱቅ ኮት።

የተጋጣሚያችን ልጅ መታች። ኳሱ ወደ እኔ መጣ፣ እጄን ነካ፣ በግ በበላው የጓንቴ አውራ ጣት በኩል ሾልኮ መረቡ ውስጥ ተኛ።

የእነሱ ቡድን ጮኸ፣ የእኛም ጮኸ። የጩኸት ዓይነት አይለይም አባዬ። እንደዞረ፣ አንገቱን ሳያዞር፣ “ያዝሽው?” ሲል ጠየቀኝ።

“እስከማስታውሰው ድረስ፣ አዎ” አልኩት።

“እሺ” አለ።